ካቦ ደስታ የነቀሉት የጥግ ድንጋይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አሰበ ተፈሪ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዓይኔን ነው። ግራውን ሂርና ላይ የድንጋይ ፍንጣሪ ወስዶታል፤ ቀኙም ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። ሌላው ጥያቄ የሐውልት ነገር ነው። «ጠላት ያቆመው ሐውልት ይፍረስ ወይስ ይቁም? አንተ አፍርሰሃል፣ እስቲ ንገረን» ይሉኛል። ወጣቶቹ «ይፍረስ» እንድል ይጠብቃሉ፤ አስተማሪዎቹ «ይቁም» እንድል። እኔ ግን በሁለት ቃል የምመልሰው አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጻፈው።

እኔ ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ ነበርኩ። አሁን ብሎኬት የሚባል ነገር መጥቶ እንደ ዳቦ በቅርጽ እየጋገሩ ይደረድሩታል፤ እሱን ግንብ ካሉት ይበሉት። በእኔ ጊዜ ድንጋይ ከማውጫው ካባ ተፈልጦ፣ ተጠርቦ፣ ተለምኖ ነው ግድግዳ የሚሆነው። በደሳ ላይ የትምህርት ቤት አጥር ሠርቻለሁ። ቦኬ ላይ ክሊኒክ አቁሜያለሁ፤ እዚያ ውሃው ከድንጋዩ በላይ አስቸግሮን ነበር። አለቆቼ ብዙ ናቸው። አንዱ ግድግዳ የሚለካው በጃንጥላው ነበር፤ ጃንጥላው የተሰበረ ዕለት ሥራ ቆመ። ደሞዙን አታንሱብኝ፣ ከሚስቴ ጋር የታረቅነው በቅርቡ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ካቦ ደስታ ናቸው። ካቦ ጣልያን ያመጣው ቃል ነው፤ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው። ቃሉን ይጠሉት ነበር፣ ግን አገር አንዴ ያወጣው ስም በቁጣ አይለቅም። አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ድንጋይ ሲመርጡ በመዶሻ ጫፍ ቆርቆር ያደርጉትና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ጤነኛ ድንጋይ ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። «ሰውም እንዲሁ ነው» ይሉኝና፣ የእኔን ራስ በጣታቸው ቆርቆር አድርገው «ይሄ ግን ዝም አለ» ብለው ይስቁብኛል። ድንጋዩን ውሃ ሳያጠጡ ጭቃም ሆነ ስሚንቶ አያስነኩትም። በካባው ውስጥ በጎኑ የተኛውን በጎኑ ያስተኙታል፤ ተፈጥሮው ያልሆነውን ካቆምከው ዝናብ ይገነጥለዋል ይላሉ። ግድግዳ ቀጥ ማለቱን በገመድ ጥለው የሚያዩበትን ቱንቢያቸውን ለማንም አያውሱም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የማፍረስ ልማዳቸው ነበር። አሮጌ ቤት አፍርሱ ሲባል ሁሉን ነቅለው፣ አንድ የጥግ ድንጋይ ከመሠረቱ ሳይነኩ ይተዉ ነበር። አፈር ያለብሱታል እንጂ አያወጡትም። አንድ ጊዜ ገለምሶ ላይ ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቤት ቢፈርስም አድራሻ ይኑረው» አሉኝ። «መሬት ያስታውሳል የሚሉት ውሸት ነው፣ ማሞ። ሰው ካላስታወሰው መሬት ምን ያውቃል?» ከዚያ በኋላ እኔም ያለጥያቄ እንደሳቸው አደርግ ጀመር።

ሐውልቱ የነበረባትን ከተማ ስሟን አልጽፍም። ከአሰበ ተፈሪ ወደ በደሳ በኩል ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት፤ የሰዎቹ ልጆች እዚያው ስላሉ ማንንም ማሳፈር አልፈልግም። ሐውልቱ ከገበያው ሜዳ ላይ የቆመ አራት ማዕዘን የድንጋይ ዓምድ ነበር። በወረራው ጊዜ ጣልያን፣ አርበኞች ለገደሉበት ወታደሮቹ ያቆመው ነው። ስማቸው የተጻፈበትን እብነ በረድ ሕዝቡ ነጻነት እንደተመለሰ ሰባብሮታል። ዓምዱ ግን እንዳለ ቀረ። የገበያ ቀን አህያ ይታሰርበታል፣ ጫት ሻጮች ጥላውን ይሻሙበታል፣ ሌላ ጊዜ ዞሮ የሚያየውም የለ።

አንድ ሰው ብቻ ነበር ለሐውልቱ ብሎ የሚመጣ። አዴ ሐሊማ፣ እማማ ሐሊማ እንደማለት ነው፣ የሚባሉ የዕድሜ ባለጸጋ ሴት አርብ አርብ መጥተው፣ ፀሐይ መውጫ በኩል ባለው ጥግ ጀርባቸውን አስደግፈው ይቀመጣሉ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መሬቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዱዓ ያደርጋሉ። ከተማው «የባንዳ ሚስት» ይላቸው ነበር። ባላቸው ለጣልያን አድሮ የሞተ ወታደር ነው፣ ስሙም ከተሰበረው እብነ በረድ ላይ ነበረ ይባላል። ማን አለ ብትሉ ሁሉም ነው ያለው። ጠጋ ብሎ የጠየቃቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ በጋ ላይ ትልቅ እንግዳ በከተማዪቱ ያልፋል ተባለ። የከተማዋ ሹም ተደናገጠ። መንገዱ ይጠረግ፣ አጥሩ ኖራ ይቀባ፣ ሐውልቱስ ምን ይሁን ተብሎ ሕዝብ ተሰበሰበ። እኔና ካቦ ደስታ ከተማዋን በሥራ ስንመላለስባት ኖረናል፤ ያኔም ለአጥሩ ሥራ መጥተን ስለነበር እኛም ተቀመጥን።

መጀመሪያ የተነሡት ግራዝማች ዘለቀ ነበሩ። በዚያው ተራራ ላይ የተዋጉ፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ አርበኛ ናቸው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!» አሉ። «እኔ በየገበያው ቀን የገዳዮቼን ሐውልት እያየሁ በርበሬ ልሸምት? ዛሬ ካልፈረሰ መቼ ሊፈርስ ነው?»

የትምህርት ቤቱ አስተማሪ እጁን አወጣ። «ግራዝማች፣ እርስዎ ያዩትን ልጆቹ በምን ይወቁት? ይቁምና የእኛን ቃል እንጻፍበት።»

«እኔን ይጠይቁኝ! አልሞትኩም እኮ!»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበም። በዚህ መሀል አዴ ሐሊማ ከሴቶቹ በኩል ተነሡ።

«ማሎ፣ አታፍርሱ» አሉ። ማሎ በኦሮምኛ እባካችሁ ማለት ነው።

ጉባኤው ተንጫጫ። «ተቀመጪ!» «የባንዳ ሚስት!» «ለባልሽ አልቅሽለት እቤትሽ!» አዴ ሐሊማ «ስሙኝ» አሉ፤ ደግመውም «አንድ ጊዜ ስሙኝ» አሉ። የሰማቸው የለም። ሻሻቸውን ሰብስበው፣ ማንንም ሳያዩ፣ በሰው መሀል ሰንጥቀው ወጡ። ሹሙ «ነገ ይፍረስ፣ ምልክቱም እንዳይቀር» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

በማግስቱ ዲጂኖና መዶሻችንን ይዘን ሐውልቱ ሥር ቆምን። ካቦ ደስታ እንደ ልማዳቸው ድንጋዩን ቆርቆር አላደረጉም። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ማሞ፣ ይሄን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

የምሰማውን ማመን አቃተኝ። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም።

«በግድ ነው» አሉ። «ከቤቴ ወስደው ነው ያሠሩኝ። የጨረስኩ ቀን የጣልያኑ አለቃ መጣና ጥጉ ተዛብቷል ብሎ በአለንጋ አስገረፈኝ። አልተዛባም ነበር፣ ማሞ። ቱንቢዬን ጥዬ አሳየሁት። አልተዛባም ነበር! ከግርፋቱ ይልቅ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ወዲያው ወደ ድሬዳዋ ሥራ ነዱኝ፤ ነጻነት እስኪመለስ ይህን አገር አላየሁትም።»

ከዚያ በኋላ የሆኑትን ሰው አላውቃቸውም። እኚያ ጨዋ፣ ድንጋይን በጆሮ የሚያደምጡ ሰው እያጓሩ ነበር የሚያፈርሱት። ዓምዱ ወረደ፤ መሠረቱ ተቆፈረ። ፀሐይ መውጫ በኩል ያለው የጥግ ድንጋይ ሲቀር እጄን ከዲጂኖው ላይ አነሣሁ፤ እንደምንተወው እርግጠኛ ነበርኩ።

«ካቦ፣ የጥጉን አፈር ላልብሰው?»

«ለዚህ አድራሻ የለውም!» አሉና ራሳቸው ገቡበት። በእጃቸው ፈንቅለው አወጡት፤ በትልቁ መዶሻ እስኪደቅ መቱት። በማግስቱ መንገድ ሠሪዎቹ ግሬደራቸውን አምጥተው ሜዳውን በጥርሱ ከዳር እስከ ዳር አርሰው አስተካከሉት። እንግዳው ቀይ አሸዋ በፈሰሰበት ሜዳ ላይ በመኪና አለፈ። አልወረደም እንኳ።

አርብ መጣ። እኛ የአጥሩን ጫፍ እየገነባን ነበር። አዴ ሐሊማ ወደ ሜዳው ገቡ፤ ቆሙ፣ ጥቂት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ቆሙ። ሻሻቸው ከራሳቸው ወርዶ አንገታቸው ላይ ቀርቷል፤ አላነሡትም። እያየኋቸው አላስችል ቢለኝ ሄድኩ።

«ኤሳ?» አሉኝ። «የት ነው?»

«ምኑ፣ አዴ?»

«ጥጉ። የድንጋዩ ጥግ።»

«ፈረሰ እኮ፣ አዴ ሐሊማ። አላዩም?»

«መፍረሱን አየሁ። የት ነበር ነው የምልህ። ባሌ እዛ ነው።»

እኔም ያው እንደ ከተማው ነኝና፣ «ስማቸው የነበረበት እብነ በረድ እኮ ድሮ ነው የተሰበረው» አልኳቸው።

«ምን ስም?» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «የኔ ባል ስም እዛ አልነበረም። የሱ ስም የትም የለም። ጣልያን ነው የገደለው። ላርበኛ ጨው ይወስዳል ብለው ያዙት። እዚህ አመጡት፣ ጀርባውን ለጥጉ አስደግፈው መቱት። እዚሁ ቆፍረው ከተቱት። ምልክት ካደረግሽ አንቺም ትገቢያለሽ አሉኝ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? የነሱን ድንጋይ ምልክት አደረኩት። ጥጉን ተደግፌ እጄን ስዘረጋ፣ እጄ የሚያርፈው ራሱ ጋ ነው። ወላሂ እዛው ነው።»

ባንዳ ያልነው ሰው በጣልያን ጥይት የወደቀ ነበር። የጠላት ሐውልት ያልነው ድንጋይ የሚስቱ የመቃብር ምልክት ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አርብ አርብ በዓይናችን እያየን!

«ጣልያን ከወጣ በኋላስ ለምን አልተናገሩም? ለምን አጥንታቸውን አላነሡም?»

«በኛ የተቀበረ አይነሳም። ድንጋዩ ነበረና ሌላ ምልክት ምን ያደርግልኛል? ስታፍርሱ ልናገር መጣሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ ሰማችሁኝ?»

ካቦ ደስታ ከኋላዬ መጥተው ቆመው ኖሯል። ዞር ስል መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጃቸውን እንደ ባዕድ ነገር አገላብጠው ያዩታል። «ማሞ፣ እሱን ድንጋይ እኔ ነኝ የደቆስኩት» አሉ።

ወሬው እሳት ነው፤ ግራዝማች ዘለቀ እያነከሱ ደረሱ።

«ማን ይባላል ባልሽ?» አሉ።

«አብዶሽ።»

«አብዶሽ? ጨው ነጋዴው? ባለ ጥቁር በቅሎው?»

«በቅሎዋን ወሰዷት» አሉ አዴ ሐሊማ።

ግራዝማች ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንዲያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። «ጨው ይዤ እመለሳለሁ ብሎን ወረደ» አሉ። «ቀረ። ከድቶን ወደ ጅቡቲ የሄደ መስሎኝ… እኔ እኮ ስረግመው ነው የኖርኩት። በየለቅሶው፣ በየድግሱ፣ ስሙን እየጠራሁ ስረግመው!» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ቆሙ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ያኔ ነው። ቦታውን እናግኝ አልን። ቀላል መስሎን ነበር፤ ስንት ዘመን ያየነው ሐውልት! ግራዝማች ሄደው ከዘራቸውን ተከሉ፣ «እዚህ ነበር» አሉ። እኔ ከእሳቸው ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ እኔ አህያ ታስሮ ያየሁት እዚያ ነው። አስተማሪው መጥቶ ሌላ ቦታ ቆመ። ጫት ሻጮቹ ተጠሩ፤ እነሱም እርስ በርስ ተጣሉ። በየቀኑ የምናልፈውን ነገር ሁላችን የየራሳችን ቦታ ላይ አቆምነው።

ካቦ ደስታ ተነሡና ዲጂኖ ጠየቁ። ያልተነካ መሬት ዲጂኖን መልሶ ያነጥረዋል፤ ተቆፍሮ የተሞላ መሬት ይውጠዋል። በዚያ ዘዴ ስንት የጠፋ መሠረት ሲያገኙ አይቻለሁ። ከዳር ጀምረው እየወጉ፣ ጆሯቸውን እያዘነበሉ ሄዱ። ግን ግሬደሩ ሜዳውን ሁሉ አርሶታል። የወጉት ሁሉ ልል ነው፤ የትም አልጮኸም። ውሃ አፍስሰው ሞከሩ፣ መሬቱ ሁሉ እኩል ጠጣ። ወዙ በጀርባቸው ላይ ሲወርድ፣ ሸሚዛቸው ሲጣበቅ፣ በዚያው ሰሞን የነገሩኝ የአለንጋ ጠባሳ በሥሩ ታየኝ። በቃ ያላቸው ሰው የለም፤ ማን ደፍሮ?

በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከአጥሩ ድንጋይ ደህናውን መርጠው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ተሸክመው አመጡት። «አዴ ሐሊማ፣ እዚህ ይመስለኛል» አሉ። «እዚህ ልትከለው።»

አዴ ሐሊማ ድንጋዩን አዩት። «ይመስለኛል ምንድነው? አንተ ነህ ያቆምከው፣ አንተ ነህ ያፈረስከው። እዚህ ነው ብለህ ማልልኝ። በማርያምህ ማል። ከማልክ እቀመጣለሁ።»

ካቦ ደስታ አፋቸውን ከፈቱ። ቢምሉ አዴ ሐሊማ ያርፉ ነበር፤ ሁላችንም ያንን ፈልገናል፣ እውነቱን ለመናገር ማሉ ብለን በልባችን ጸልየናል። ግን እኚያ ሰው በቱንቢ ያላዩትን ነገር ቀጥ ያለ ነው ብለው አያውቁም። «አልችልም» አሉ። ድንጋዩን መልሰው ተሸክመው ወደ አጥሩ ወሰዱት። መቃብሩን ሊያፋልገን ከገበያው የመጣ አንድ ጎረምሳ ማልቀስ ሲጀምር ሁላችንም ተከተልነው።

ከዚያ ወዲያ ካቦ ደስታ ሌላ ቤት አላፈረሱም። አፍርስ ሲባሉ መዶሻውን ለእኔ ሰጥተው ዘወር ይላሉ፤ የጥጉን ድንጋይ መተዌን ግን ተመልሰው መጥተው፣ አፈሩን ገለጥ አድርገው ያዩ ነበር። ሲሞቱ ቱንቢያቸውን ለእኔ ተዉልኝ።

ስለዚህ ይፍረስ ወይስ ይቁም ለሚለኝ ሰው የምለው ይህ ነው። ግራዝማችም አልተሳሳቱም፣ አስተማሪውም አልተሳሳተም። የገዳይ ሐውልት እያዩ መኖር ሕመም ነው፤ እኔም እንዲህ ያለ ሐውልት አላቆምም። ግን ከማጨብጨባችሁ በፊት ሥሩ የሚቀመጥ ሰው ካለ ጠይቁ፤ ሲናገርም አስጨርሱት።

በኋላ ግራዝማች ለአካባቢው አርበኞች ድንጋይ ይቁም ብለው አስወሰኑ፤ ከሜዳው ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር። ስሞቹን የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። ግራዝማች አዴ ሐሊማን ራሳቸው ሄደው አምጥተው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ልማዳቸው በአክብሮት፣ «የአብዶሽ ስም ከሁሉ በላይ ነው የሚጻፈው፤ ከእኔም በላይ» አሏቸው። «የአባቱን ስም ይንገሩንና ማሞ ይቅረጸው።»

እኔ መሮዬን ድንጋዩ ላይ አስጠግቼ እጠብቅ ነበር። አዴ ሐሊማ ለስላሳውን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት፤ ከዚያ እጃቸውን መለሱ።

«ስሙንማ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ያጣሁት ቦታውን ነው።»

ቤታቸው ከሜዳው ባሻገር ነው፤ አቋርጠው ቢሄዱ ቅርብ ነበር። ግን ዳር ዳሩን፣ አጥሩን ተጠግተው፣ ሜዳውን ሁሉ ዞረው ሄዱ። አብዶሽን የት ላይ እንደሚረግጡት አያውቁማ።